ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ የሥራ መሪ ሠራተኛውን እንዴት ሊይዝ ይገባዋል

ገበያው ሞቅ ባለ ጊዜ የሥራ መሪ መሆን ብዙ አያስቸግርም። ሸቀጡ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ይገባል፤ ደመወዝ በቀኑ ይከፈላል፤ የመሪው ጉድለት ቢኖርም በትርፉ ተሸፍኖ ይቀራል። ችሎታው የሚታወቀው ገበያው ሲቀዘቅዝና ሣጥኑ ሲጎድል ነው። በዚያን ጊዜ ለብዙ ሥራ አስኪያጆች ፈጥኖ የሚታያቸው መድኃኒት የሠራተኛውን ቁጥር መቀነስ ነው። ደመወዝ በመዝገብ ላይ በግልጥ የተጻፈ ወጪ ሲሆን፣ ከተሰናባቹ ሠራተኛ ጋር አብሮ የሚሄደው ዕውቀት ግን በማናቸውም መዝገብ ላይ አይገኝምና። ይህ መድኃኒት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ለማለት አንደፍርም። ሌላ መንገድ መኖሩን የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ ስላለ ግን በዛሬው ንግግራችን እርሱን ልንተርክላችሁ እንወዳለን። ዘመኑን ሁሉ የምንጠራው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ የጃፓን አገር ነው። ሚስተር ማትሱሺታ ኮኖሱኬ በ1894 ተወለዱ። ቤተ ሰባቸው ሀብቱን ስላጣ፣ ገና በዘጠኝ ዓመታቸው ትምህርታቸውን ትተው ወደ ኦሳካ ከተማ በመሄድ በከሰል ማንደጃ መሸጫ፣ ቀጥሎም በቢስክሌት ሱቅ በተላላኪነት አገለገሉ። ከዚያም በኤሌክትሪክ መብራት ኩባንያ ተቀጥረው የሽቦ ሥራ ተማሩ። በ1918 ከባለቤታቸውና ከባለቤታቸው ወንድም ጋር ሆነው በቤታቸው ውስጥ የአምፑል መያዣና የኤሌክትሪክ መሰኪያ የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱም በዐሥር ዓመት ውስጥ ተስፋፍቶ ስመ ጥር ፋብሪካ ሆነ።

በ1929 የጃፓን መንግሥት ጥብቅ የሆነ የቁጠባ መመሪያ አወጣ፤ በጥቅምት ወርም የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ዓመቱ ከማለቁ በፊት የማትሱሺታ ሽያጭ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ያልተሸጠውም ዕቃ መጋዘኑን ሞላው። ባለቤቱ በዚያን ጊዜ ታመው ተኝተው ነበር። ሁለቱ ከፍተኛ ረዳቶቻቸው ወደ አልጋቸው ቀርበው፣ ድርጅቱ ከጥፋት እንዲድን የሠራተኛው ቁጥር በግማሽ መቀነስ አለበት ሲሉ አሳባቸውን አቀረቡ። ሚስተር ማትሱሺታ ግን ምርቱ ከዚያው ቀን ጀምሮ በግማሽ እንዲቀነስ፣ ከሠራተኛው ግን አንድ ሰው እንኳ እንዳይሰናበት አዘዙ። ፋብሪካው ግማሽ ቀን ብቻ ይሠራል፤ ደመወዙ ሳይጎድል ይከፈላል፤ በዚህ ፈንታ ሠራተኛው ሁሉ የዕረፍት ቀኑን ትቶ በመጋዘን የተከማቸውን ዕቃ እየዞረ ይሽጥ አሉ። በሁለት ወር ውስጥ ክምችቱ አለቀ። ፋብሪካውም እንደ ቀድሞው ሙሉ ቀን መሥራት ጀመረ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ የባለ ጠጋ ቸርነት አድርገው ይተረጕሙታል። እኛ ግን እንዲህ አንመለከተውም። ሚስተር ማትሱሺታ መቀነስ የሚገባውን ቀንሰዋል። ማንም የማይገዛው ዕቃ እየተመረተ መጋዘን ቢሞላ ለጥሬ ዕቃው የወጣው ገንዘብ በከንቱ ታስሮ ይቀር ነበር። ስለዚህ ምርቱን ቈረጡ፤ ዕቃውን የሚሠራውን እጅ ግን አልቈረጡም። ለጥቂት ወራት የሚከፈለው የግማሽ ቀን ደመወዝ፣ ገበያው ሲመለስ አዲስ ሰው ፈልጎ ለማስተማር ከሚወጣው ገንዘብና ከሚባክነው ጊዜ ጋር ሲመዛዘን፣ ኪሳራው የትኛው እንደ ሆነ ያሰሉ ይመስለናል። ሸክሙም በአንድ ወገን ብቻ አልወደቀም፤ ባለቤቱ ደመወዝ ሲከፍሉ ሠራተኛው ዕረፍቱን ሰጠ። ደግሞም የአምፑል መያዣ በእጁ የሠራ ሰው ያንኑ ዕቃ ተሸክሞ ከባለ ሱቅ ፊት ሲቆም፣ የቱ እንደሚሰበርና የቱ እንደሚወደድ በጆሮው መስማቱ አይቀርም። ይህን ማናቸውም የትምህርት ክፍል አይሰጠውም።

ከዚህ በኋላ ሚስተር ማትሱሺታ ትምህርቱን ደንብ አበጁለት። በ1933 ፋብሪካውን ሦስት ክፍል አድርገው ለእያንዳንዱ ኃላፊ በመሾም የትርፉንም የኪሳራውንም ሐላፊነት ሰጡት። በ1934 ደግሞ የሠራተኞች ማሠልጠኛ ከፈቱ። ድርጅታችሁ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢኖር፣ ሰው ይሠራል፣ የኤሌክትሪክ ዕቃም ይሠራል ብላችሁ መልሱ እያሉ ሠራተኞቻቸውን ይመክሩ እንደ ነበር ይነገራል። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ጃፓንን የያዘው የጦር ኃይል ሚስተር ማትሱሺታን ከሥራ ሊያስወግድ ባሰበ ጊዜ፣ አዲስ የተቋቋመው የሠራተኞቻቸው ማኅበር ፊርማ አሰባስቦ ስለ እርሳቸው አቤቱታ አቀረበ። በሌላው ዘንድ ማኅበሮች ከአሠሪዎቻቸው ጋር ይሟገቱ በነበረበት ዘመን ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ በ1950 ችግሩ እጅግ ስለ ጸና እርሳቸውም ሠራተኛ ለመቀነስ መገደዳቸውን መደበቅ አይገባንም። መንገዱ ለሁሉም ቀን አይበቃም።

ከአገራችን ምሳሌ ብንፈልግ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አለ። በ1945 ሲቋቋም አብራሪዎቹም መካኒኮቹም ሥራ አስኪያጆቹም አሜሪካውያን ነበሩ። ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ዋናውን ወንበር የያዘው በ1971 ነው፤ በመካከሉ ያለው ሩብ ምእት ዓመት በሥልጠና ያለፈ ነው። የዚህም ፍሬ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ታየ። ተሳፋሪ ሲጠፋ የድርጅቱ የራሱ ባለሙያዎች ከብዙ የመንገደኛ አውሮፕላኖች መቀመጫውን እየነቀሉ ለጭነት አዘጋጇቸው፤ ድርጅቱም ቋሚ ሠራተኞቹን እንዳላሰናበተ አስታውቋል። ባለሙያው በቤት ባይኖር ኖሮ ይህን ለማድረግ የውጭ አገር ሰው መጠበቅ ግድ ይሆን ነበር።

አድማጮቻችን አብዛኞቻችሁ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ ስለ ሆናችሁ፣ ይህ የነጋዴ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከተንም ትሉ ይሆናል። በጀት ሲጠብ በመሥሪያ ቤት አስቀድሞ የሚሰረዘው የሥልጠና ገንዘብ ነው፤ የተለቀቀው የሥራ ቦታም ሰው ሳይተካበት ይቀራል። በየመዝገብ ቤቱ የፋይሉን አቀማመጥ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ይገኛሉ። እርሳቸው ሲታመሙ ባለጉዳዩ ለሳምንት ይመላለሳል፤ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ዕውቀታቸው አብሮ ይወጣል። የክፍል ኃላፊው ሥራ በቀነሰባቸው ሰዓቶች ሁለት ወጣቶችን በአጠገባቸው ቢያስቀምጥ፣ በየሦስት ወሩም ሥራቸውን ቢያለዋውጥ፣ ከሒሳብ ክፍል የሚጠየቅ ተጨማሪ ገንዘብ የለም። የሚጠየቀው የኃላፊው ትዕግሥት ነው፤ አዲስ የተለወጠ ጸሐፊ ለመጀመሪያው ወር መሳሳቱ አይቀርምና፣ ስሕተቱንም ከአለቃው ፊት ቀርቦ የሚያስረዳው ኃላፊው ራሱ መሆን አለበት።