ያረጀ ቶርኖ በሙጫና በግራፋይት ሲታደስ

ስለ አገር፣ ስለ ስደትና ስለ ታሪክ ብዙ ተጽፎ አንብበናል። እኔ በበኩሌ ዛሬ ስለ ቶርኖ ላውጋችሁ። ከብረት ሥራ ጋር ትውውቅ የሌላችሁም ብትሆኑ ጥቂት ታገሱኝ፤ ከመካከላችን አገር ቤት ጋራዥ ወይም ብረታ ብረት ቤት ያለው ዘመድ ያለን ጥቂት አይደለንምና።

ቶርኖ ብረት እየዞረ የሚቆረጥበት ማሽን ነው። መቁረጫውን የተሸከመው ሰረገላ በረጅሙ አልጋ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። አልጋውም ሰረገላውም አብዛኛውን ጊዜ ከጊዛ፣ ማለትም ከካስት አይረን የተሠሩ ናቸው። በዘመን ብዛት ሁለቱም ይበላሉ። አበላላቸው ግን እኩል አይደለም። ሥራው የሚበዛው ብረቱ ከሚታሰርበት ራስ አጠገብ ስለሆነ አልጋው እዚያ ይጎደጉዳል፤ ሌላው ጫፍ እንደ አዲስ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ቀጥ ያለ ዘንግ ልቁረጥ ያለ ሰው አንድ ጫፉ ወፍሮ ሌላው ቀጥኖ ይወጣበታል።

የቆየው መድኃኒት አልጋውን በማሽን ማስተካከል፣ ሰረገላውንም ከእርሱ ጋር እስኪገጥም በእጅ መፋቅ ነው። ችግሩ ብረት በተነሳ ቁጥር ሰረገላው ዝቅ ማለቱ ነው። ዝቅ ሲል ጥርስ የሚያወጣው ረጅም ባለጥርስ ዘንግና ሰረገላው ላይ ያለው አቃፊው አይገናኙም። ስለዚህ የጎደለውን ከፍታ የሚተካ ነገር ያስፈልጋል።

ሌላም ጣጣ አለ። ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት ለማስነሳት የሚጠይቀው ኃይል አንዴ ከተነሳ በኋላ ከሚጠይቀው ይበልጣል። ሰረገላውን በጥቂቱ ልግፋ ስትሉ ተይዞ ይቆይና ድንገት ይዘላል። የመቶኛ ሚሊ ሜትር ሥራ በዚህ አይሠራም።

ፋብሪካዎች ለሁለቱም ችግር መፍትሔ አላቸው። ተርሳይት የሚባለው ቴፍሎን ከነሐስ ዱቄት ጋር ተደባልቆ በስስ ንጣፍ መልክ የሚሸጥና ከሰረገላው ሥር የሚለጠፍ ነው። ሞግሊስ የተባለው የጀርመን ምርት ደግሞ በኢፖክሲ ሙጫ ላይ የተመሠረተ ሆኖ እንደ ሊጥ ተቀብቶ ወይም ፈስሶ የአልጋውን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። ሁለቱም ድንቅ ናቸው፤ ለትንሽ ወርክሾፕ ግን ይወደዳሉ። እኔም ዓይነቱን በቤቴ መሥራት የጀመርኩት ለዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መሠረቱ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ጥሩ ኢፖክሲ ነው። ከማጠንከሪያው ጋር አምራቹ ባዘዘው መጠን፣ በግራም ሚዛን ተመዝኖ ይደባለቃል። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር ሙጫውን ያደክመዋል እንጂ አያፈጥነውም። ከዚያ ዱቄቶቹ ይገባሉ። እኔ የምነሳው ለ100 ግራም የተደባለቀ ሙጫ 30 ግራም ያህል የላመ ግራፋይትና 10 ግራም ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ በማድረግ ነው። ዱቄቶቹ ማንሸራተት ብቻ አይደለም ሥራቸው፤ ሙጫው ሲደርቅ እንዳይኮማተርም ይረዳሉ። አሸዋና የመሳሰለ ጠጣር ነገር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አልጋውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል። ለመኪና ቦዲ የሚቀባው ስቱኮም አይሆንም፤ እርሱ ፖሊስተር ስለሆነ ይበልጥ ይኮማተራል፣ ከብረት ጋርም እንደ ኢፖክሲ አይጣበቅም።

ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት ከድብልቁ ትንሽ ጡብ ሥሩ። ዘይት በተቀባ ጊዛ ላይ አስቀምጡት፣ ክብደት ጫኑበት፣ በስፕሪንግ ሚዛን ሳቡት። ለማስነሳትና ለማስኬድ የሚፈልገው ኃይል ከተቀራረበ ድብልቁ ተሳክቷል።

ቀጥሎ ዋናው ሥራ ይመጣል። አልጋው አስቀድሞ መስተካከል አለበት፤ ሙጫው ያየውን ቅርጽ ይቀዳልና ጠማማውን ጠማማ አድርጎ ነው የሚቀዳው። የሰረገላው ሥር ለሙጫው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ እንዲተው ይቆረጣል፣ እንዲሻክር ይደረጋል፣ በአሴቶን ይታጠባል። አልጋው በተቃራኒው ደጋግሞ ሰም ይቀባል፣ ይወለወላል። ሰም ያልነካው ቦታ ካለ ሰረገላውና አልጋው ላይለያዩ ይጋባሉ። ሰረገላው በአራት ብሎኖች ላይ ቆሞ በዳያል ኢንዲኬተር ከፍታውና ማዕዘኑ ይለካል። ሙጫው መጀመሪያ በስሱ ብረቱ ውስጥ እየተጫነ ይቀባል፤ ከዚያ መሐሉ ላይ ይቆለላል፣ ሰረገላው ሲወርድ አየሩን ወደ ውጭ እንዲገፋ። አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ይቆያል። ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ አንድ ሳምንት መታገሥ ይበጃል። በመጨረሻም የዘይት ቦዮች ይቆረጡለታል፣ ፊቱም በጥቂቱ ይፋቃል። ፍጹም የገጠሙ ሁለት ገጾች ዘይት አያስገቡምና።

አዲስ አበባ ብረታ ብረት ቤት ያላቸው አጎቴ ቶርኗቸው ለቁርጥራጭ ይሸጥ ተብሎ ተፈርዶበት ነበር። ሦስት ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው የሚበሉት ከእርሱ ነው። ይህንኑ አሠራር በስልክ ደረጃ በደረጃ ነገርኳቸው። እርሳቸውም እኔ ያላሰብኩትን ጨመሩበት። የአዲስ አበባ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ኢፖክሲ ደግሞ በብርድ በጣም ይዘገያል። ማለዳ ፀሐይ ሲሞቅ ጀምረው ሌሊቱን አምፖል አብርተው፣ በብርድ ልብስ ሸፍነው አሳደሩት። ማሽኑ ዛሬም ይሠራል።

እግረ መንገዴን ላሳስብ፦ ሙጫውንና ማጠንከሪያውን በሻንጣ ይዤ ልሂድ እንዳትሉ። ብዙዎቹ ማጠንከሪያዎች የሚያቃጥሉ ኬሚካሎች ስለሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀዱም። ኢንዲኬተሩንና እውቀቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ጥንቃቄም አለ። ማጠንከሪያው ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል፤ አለርጂው አንዴ ከያዘ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅም። ጓንት አይለያችሁ። ስትፍቁ አቧራው ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ። ብዙ ሙጫ በአንድ ጣሳ ውስጥ አታቆዩ፤ በራሱ ሙቀት ይፈላል፣ ሊጨስም ይችላል።

ደግሞም ሙጫው የት እንደማይሆን ማወቅ ያሻል። በፍጥነት ለሚሽከረከር ዘንግ ኩሽኔታን አይተካም። በክፍል ሙቀት የደረቀ ተራ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ ሙቀትንም እንደ ብረት አያሳልፍም። ቦታው ዘይት የጠገበ፣ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ገጽ ነው።

ለዘመዶቻችን ገንዘብ መላክ መልካም ነው፤ የብዙዎችን ቤት ያቆመው እርሱ ነው። አንዳንዴ ግን አንድ የስልክ ጥሪና አንድ ጣሳ ሙጫ የሚያድነው እንጀራ አለና፣ አገር ቤት ስትደውሉ ከጤናና ከኑሮ ጋር ስለ ማሽኑም ጠይቁ።

ቸር ይግጠመን።