ቅርጫቱ ንጹሕ፣ መረቡ ጥፋተኛ?

እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ የተባለው አረም በጣና ሐይቅ ላይ ከታየ ወዲህ የሐይቁ ነገር በተነሣ ቁጥር የጥንቱ ዓሣ አስጋሪ ይወደሳል፤ የናይሎን መረብ ይወገዛል። ለአዲስ አበባ ሰው ስፌት ማለት ሰፌድና መሶብ ነውና፣ ለዓሣ ወጥመድነት ተሠርቶ ውኃ ውስጥ የሚጠመደውን ቅርጫት የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። አፉ ወደ ውስጥ እየጠበበ ስለሚሄድ የገባው ዓሣ መውጫው ይጠፋዋል፤ ትንሹ ግን በክፍተቱ ሾልኮ ያመልጣል። ለማስገሪያ በጋምቤላ ጦር፣ በዝዋይና በጫሞ ሐይቆች መረብ ይበዛል። ክርክሩ የጦፈው ግን ጣና ላይ ነው።

በጣና የሐይቁ ነባር አስጋሪዎች የሆኑት ነገደ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ፣ በወጥመድና በአጭር መረብ ከዳርቻው ሳይርቁ ያሰግሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ሆላንዳውያን በተሳተፉበት ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና ረጅም የናይሎን መረብ ገባ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የማይገኙት የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች በጠቅላላ ክብደት ሲለኩ በ75 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ፍርዱ ግልጽ ይመስላል። ይሁንና ቅነሳውን ያጠኑት ተመራማሪዎች በዋናነት የጠቆሙት ዓሦቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ የሚደርስባቸውን ማስገር ነው። እንግዲህ ጥፋቱ በናይሎኑ ክር ብቻ ሳይሆን በቦታውና በወቅቱም ነው። ወንዝ አጥሮ መተላለፊያው ላይ ቅርጫት የሚያኖር፣ ወይም በብርብራ ዛፍ ፍሬ ውኃውን የሚመርዝ፣ ናይሎን ሳይነካ ያንኑ ያደርጋል።

መረቡ አቅሙ ብዙ ነው፣ ጠፍቶም ማጥመዱን አይተውም የሚል መልስ ይመጣል፤ እውነት ነው። ቅርጫት የሚሠራው በእጅ ነውና የሠሪው ድካም ራሱ ልክ ያበጅለታል። ስለዚህም ሙያው ሊጠበቅ ይገባዋል። ይህ ግን የሚሆነው ደንገሉና ዳርቻው ሲተርፉ፣ ጉማሬ በላ እየተባሉ ሲገለሉ የኖሩት ወይጦዎችም በሐይቁ ውሳኔ ላይ ድምፅ ሲኖራቸው ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ሥራ ላይ ሲውል የወንዞቹን አፍ በመራቢያው ወራት ለመረብም ለቅርጫትም እኩል ቢዘጋ፣ ከናፍቆት ጽሑፎች ሁሉ ይበልጥ ቅርጫቱን ይታደገዋል፤ የሚያጠምደው ዓሣ ያለቀበት ሙያ በሙዚየም እንጂ በሐይቅ አይኖርምና።