አዲሱ ቴሌቪዥን ያልፈታው ብዥታ

ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር በዕቃ ግዢ ተኳርፋችሁ ታውቃላችሁ? እኔና ባለቤቴ ጋምቤላ በአገልግሎት ላይ ሳለን በቴሌቪዥን ምክንያት ሦስት ቀን ሙሉ ተኳርፈናል። ለልጃችን ትምህርት ካስቀመጥነው ገንዘብ ላይ ሳያማክረኝ ወስዶ «ኤችዲ ነው» የተባለ ሰፊ ቴሌቪዥን ገዛ። ስንከፍተው ግን ሥዕሉ ከአሮጌው የባሰ ብዥ ያለ ሆነብን፤ የዜና አንባቢዋም ፊት ወደ ጎን ተለጥጦ ታየን። «ገንዘባችን የወጣው ለዚህ ነው?» አልኩት። መልስ አልነበረውም።

ቀድሞ እንዴት ነበር?

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ተጀመረ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ባለ ቀለም ሆነ። ሁለቱም አናሎግ ነበሩ። ሥዕሉ በ625 አግድም መስመሮች ይላካል፤ ከእነዚህም ሥዕሉን የሚይዙት 576ቱ ናቸው። ሞገዱ ሲደክም በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ ይወርድበታል፤ ከሕንፃ ወይም ከተራራ ተጋጭቶ ሲመለስ ደግሞ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል። አንዱ አንቴና ሲያዞር ሌላው ከቤት ውስጥ «እዚያ ጋ! ተወው!» እያለ ሲጮህ አስታወሳችሁ?

ኤችዲ ምን ጨመረ?

ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080 ነጥቦች አሉት። ይህም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው፤ መደበኛው ዲጂታል ሥዕል ካለው 720 በ576 ጋር ሲነጻጸር አምስት እጥፍ ማለት ነው። የሥዕሉ ቅርጽም ከ4 ለ 3 ወደ 16 ለ 9 ሰፋ። መልእክቱ በቁጥር ተለውጦ ስለሚላክ በመንገድ ላይ የደረሰበትን ጥቂት ጉዳት ሪሲቨሩ ራሱ ያርመዋል። ጉዳቱ ከበዛ ግን እንደ አናሎግ በነጠብጣብ አይታገስም፤ ሥዕሉ ይቆራረጥና ይጠፋል። በጋምቤላ ክረምት ከባድ ዝናብ ሲወርድ በዲሽ የሚመጣው ሥዕል የሚደርቀው ለዚህ ነው።

ጥፋቱ የት ነበር?

በአራተኛው ቀን አንድ የጎረቤት ወጣት መጥቶ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተመለከተና ሳቀ። ሪሲቨሩ ኤችዲ የማይቀበል አሮጌ ነበር፤ የተገናኘውም የድሮውን ጥራት ብቻ በሚያሳልፈው ቢጫ ገመድ ነው። ሰፊው ስክሪን ጥቂቱን ነጥብ ስለለጠጠው ብዥታው ጎላ። እኛ ግን ስክሪኑን ከሰስን!

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ከመግዛታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ጣቢያው በኤችዲ ያስተላልፋል? ሪሲቨሩ ኤችዲ ይቀበላል? ገመዱ ኤችዲኤምአይ ነው? ስክሪኑስ? ከአራቱ አንዱ ከጎደለ የምታዩት የደካማውን ያህል ነው። በ2012 ዓ.ም. በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኢትዮሳት ከተጀመረ ወዲህ የአገራችን ጣቢያዎች በኤችዲ የሚተላለፉበት መንገድ ተከፍቷል፤ ዲሹን ወደዚያ ማዞር ግን የግድ ነው።

እኛም ሪሲቨሩንና ገመዱን ቀየርን፣ የሥዕሉን ቅርጽ አስተካከልን። ያን ምሽት ልጃችን ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈውን ደቃቅ ጽሑፍ ከተቀመጠችበት ሆና ጮክ ብላ አነበበች። እኔና ባለቤቴ ተያየን። እርሱ ሳያማክረኝ በመግዛቱ፣ እኔም ሳልመረምር በመፍረዴ ይቅር ተባባልን። የትምህርቱንም ገንዘብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያልን መለስን።

እናንተስ፣ በቀጣዩ ግዢ ማን ማንን ያማክራል? ዛሬ ማታ ተነጋገሩበት።