ጂፒኤሱ ሳይጨርስ አይነሡ

ለመስክ ሥራ በወጣ መኪና ውስጥ የማይቀር ክርክር አለ። ከኋላ የተቀመጠው ባለሙያ ስልኩን ከፍቶ መኪናዋ ያለችበትን ቦታ ወዲያው ያገኛል። መሥሪያ ቤቱ በብዙ ገንዘብ የገዛው የእጅ ጂፒኤስ ግን ክሩስኮቱ ላይ ተኝቶ ሳተላይት እንደፈለገ ከተማው ያልቃል። «ተበላሽቷል» ይባላል፤ ሲመለሱም ለንብረት ክፍል ይመለሳል። ብዙ ጊዜ መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ የተነፈገው ሰማይና ጥቂት ደቂቃ ነው።

ስልኩ የቀደመው የተሻለ ጆሮ ስላለው አይደለም። እያንዳንዱ ሳተላይት በዚያች ሰዓት የት እንዳለ የሚናገረውን መረጃ በሞባይል ኔትወርክ በኩል ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ኔትወርክ በሌለበት ገጠር፣ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ የቆየ ስልክ ቢከፍቱ እሱም ሲያመነታ ያያሉ። አንዳንድ አዳዲስ የእጅ ጂፒኤሶች ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኙ መረጃውን አስቀድመው ይወስዳሉ። የቀሩት፣ በተለይ በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ያሉት የቆዩ ጋርሚኖች፣ ከራሱ ከሳተላይቱ ከመስማት ሌላ መንገድ የላቸውም። ሳተላይቱ ደግሞ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ የሚያወጣ፣ በጣም ዝግ ያለ ተናጋሪ ነው።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በቀን ሁለት ጊዜ ይዞሯታል። ሥርዓቱ ቢያንስ 24 ያስፈልጉታል፤ በሥራ ላይ ያሉት 30 ገደማ ናቸው። ቦታን ከነከፍታው ለማወቅ አራቱን በአንድ ጊዜ መስማት ያስፈልጋል። ከዚያ ርቀት የሚደርሰው ሞገድ፣ መቀበያው ራሱ ከሚያሰማው የኤሌክትሮኒክስ ጫጫታ በታች የደከመ ነው፤ ተለይቶ ሊወጣ የሚችለው መሣሪያው የእያንዳንዱን ሳተላይት ኮድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ተራ መስታወትና ስስ ፕላስቲክ ያሳልፉታል። ላሜራ አያሳልፈውም። የሰው አካልና በዝናብ የራሰ ቅጠልም ብዙውን ያስቀሩታል።

ለሾፌር ዋናው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሳተላይቱ ስለ ራሱ ምሕዋር የሚያስተላልፈው ዝርዝር፣ ባለሙያዎች ኤፌሜሪስ የሚሉት፣ በየ30 ሰከንዱ ይደጋገማል፤ ከ30ው ውስጥ 18ቱን ሰከንድ የሚወስደው ይኸው ዝርዝር ነው። የሎተሪ ዕጣ በሬዲዮ ሲነበብ መሐል ላይ ያለው ቁጥር በመኪና ጥሩምባ ቢዋጥብዎ፣ ቀሪውን ሁሉ ቢሰሙም ቲኬትዎን ማመሳከር አይችሉም፤ ድጋሚ እስኪነበብ መጠበቅ ነው። ጂፒኤሱም መሐል ላይ ከተቋረጠበት የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል። በቆመ መኪና ይህ ቀላል ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ግን በ30 ሰከንድ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይታለፋል፤ በዚያ ግማሽ ኪሎ ሜትር ውስጥ ባሕር ዛፍ አለ፣ ፎቅ አለ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ ጭነት መኪና አለ።

ከሁሉ የሚብሰው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ሰማይ እያለም ያታልላል። ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ሲወርዱ ያስቡ። ክሩስኮቱ ላይ ያለው ጂፒኤስ የሚያየው በፊት መስታወት በኩል ያለውን ሰማይ ብቻ ነው፤ በላዩ ላይ የመኪናው ጣሪያ አለ፣ ከኋላውም ሰውና ዕቃ። መኪናው በዞረ ቁጥር ያቺ የሰማይ ቁራጭ አብራ ትዞራለች። አንዱን ሳተላይት መስማት ጀምሮ 12ኛው ሰከንድ ላይ ሲደርስ ኩርባ ይመጣል፤ ሳተላይቱ ከጣሪያው ጀርባ ይገባል፣ ሌላ አዲስ ደግሞ ብቅ ይላል። ያንንም ሳይጨርስ ሌላ ኩርባ ይመጣል። ሁሉንም እየጀመረ አንዱንም ሳይጨርስ ተራራው ያልቃል። በሌላ በኩል፣ የሳተላይቶቹን ዝርዝር አስቀድሞ የያዘ መሣሪያ በዚያው መንገድ ላይ ሳተላይት ቢጠፋበት እንኳ ሲመለስ በጥቂት ሰከንድ መልሶ ይይዘዋል፤ አዲስ ነገር መስማት አይጠበቅበትምና።

ስለዚህ መድኃኒቱ ከመነሣት በፊት የሚወሰድ ነው። መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጂፒኤሱን ይዘው ይውጡ፤ ከግድግዳና ከዛፍ ርቀው፣ ሰማዩ ዙሪያውን በሚታይበት ቦታ ያብሩት። ቦታዎን ባሳየ ቅጽበት ወደ መኪና አይሮጡ። ያኔ ምናልባት አራት ወይም አምስት ሳተላይት ብቻ ይዟል፤ በመንገድ ላይ የሚያድኑዎት ደግሞ የቀሩት ናቸው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምሩለት። ወራት ሳይበራ የቆየ ወይም ጠፍቶ እያለ በአውሮፕላን ሩቅ አገር የተወሰደ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሁሉም ሳተላይቶች ጥቅል መርሐ ግብር ተሰምቶ የሚያልቀው በ12 ደቂቃ ተኩል ነው፤ ቡና እስኪጠጣ አጥር ላይ ቢያስቀምጡት ይጨርሳል። የኤፌሜሪስ ዝርዝር የሚያገለግለው ለአራት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ምሳ ላይ ሲቆም ጂፒኤሱን ሳያጠፋ ወደ ውጭ ቢያወጣው ጥሩ ልማድ ነው።

እንዴት አውቃለሁ ካሉ፣ የሳተላይት ገጹን ይክፈቱ። ብዙዎቹ የጋርሚን ሞዴሎች ለእያንዳንዱ ሳተላይት አንድ ዘንግ ያሳያሉ። ዘንጉ ባዶ ሆኖ ከቆመ ሞገዱ ተሰምቷል፣ ዝርዝሩ ግን አልተጠናቀቀም ማለት ነው። ሲሞላ ለስሌት ገብቷል። ረጃጅም ግን ባዶ የሆኑ ዘንጎች ካዩ መሣሪያው ጊዜ ይፈልጋል። ሁሉም አጫጭር ከሆኑ አንድ ነገር ጋርዶታል ወይም እየረበሸው ነው። እኔ ከካርታው ገጽ ይልቅ ይህን ገጽ አምናለሁ፤ ካርታው ሞገድ ሲጠፋ በግምት ሊቀጥል ይችላል፣ ወደ መንገድ የሚያስጠጋው ሴቲንግ ከበራ ደግሞ ስሕተቱን ይደብቅልዎታል።

አቀማመጡም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የድሮዎቹ ትናንሽ ኢትሬክሶች አንቴናቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ ስክሪናቸው ወደ ሰማይ እንዲያይ በጀርባቸው መተኛት ይወዳሉ። እንደ ጂፒኤስማፕ 60 እና 64 ያሉት፣ አናታቸው ላይ ወፍራም ጉብታ ያላቸው፣ ጥምዝ አንቴና አላቸውና ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ ክሩስኮት ላይ መጣል የተለመደ ነው። የትኛውም ቢሆን ወደ ፊት መስታወቱ ግርጌ ባስጠጉት መጠን ጣሪያው የሚነፍገው ሰማይ ይቀንሳል። ኪስ ውስጥ፣ በወንበሮች መሐል ባለው ማስቀመጫ፣ ወይም በሾፌሩ ጭን ላይ ሆኖ ሳተላይት ይይዛል ብሎ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው።

መስታወቱን ራሱንም ይጠርጥሩ። ፀሐይ እንዳያስገባ በስስ ብረት የተለበጠ የፊት መስታወት ያላቸው መኪኖች አሉ፤ የብረት ቅንጣት ያለበት ጥቁር ፊልም የሚያስለጥፉም ብዙዎች ናቸው። ሁለቱም ሞገዱን ያዳክሙታል። ፋብሪካው የለበጠው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከውስጠኛው የኋላ ማሳያ መስታወት አጠገብ ሆን ተብሎ ያልተለበጠ፣ በትናንሽ ነጠብጣቦች የተከበበ ቦታ ይተዋል፤ ጂፒኤሱን እዚያ ጋ ያስጠጉት። ካልሆነ የውጭ አንቴና ነው። ጂፒኤስማፕ 60 እና 64 መሰኪያ አላቸው፤ ግርጌዋ ማግኔት የሆነች ትንሽ አንቴና ጣሪያው ላይ ተለጥፋ ገመዷ በበር በኩል ይገባል። ሥራቸው ሁልጊዜ መኪና ላይ ለሆነ ሰዎች ገንዘቡ አያስቆጭም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚወጣ ግን አልመክርም፤ ቆሞ መጠበቅ ነፃ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ቻርጀሩን ነው። በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ የሚሰኩ ርካሽ ቻርጀሮችና የፊት መስታወት ካሜራዎች የራሳቸውን የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣሉ፤ የሳተላይቱ ሞገድ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ካስታወሱ ለምን እንደሚጎዳው ይገባዎታል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የሳተላይት ገጹን እያዩ አንድ በአንድ ይንቀሉ። ዘንጎቹ ካደጉ ጥፋተኛው ተገኘ። ሌላ ቻርጀር እስኪገዙ ድረስ ጂፒኤሱን በባትሪ ድንጋይ ያስኪዱት። ሆን ተብሎ የሚደረግ ረብሻም አለ። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት አሠሪው እንዳይከታተለው ፈልጎ በመኪናው ጃመር (ሞገድ የሚረብሽ መሣሪያ) የገጠመ ሾፌር፣ በኒውአርክ ኤርፖርት አጠገብ ሲመላለስ የኤርፖርቱን የጂፒኤስ ማረፊያ መሣሪያ ረብሾ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ወደ 32,000 ዶላር የሚጠጋ ቅጣት እንዲከፍል ተጠይቋል።

ከዚህም የከፋው ሐሰተኛ ሞገድ ነው። ከጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሰሜን እስራኤል ሲያሽከረክሩ ራሳቸውን በካርታ ላይ ቤሩት ኤርፖርት ያገኙ ብዙዎች ናቸው፤ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ያውቁታል። ምልክቱ ከእጥረት የተለየ ነው፤ ዘንጎቹ ሞልተው ቦታው ግን ውሸት ይሆናል። በመሣሪያው ላይ የሚደረግ ጥገና የለም። ከአካባቢው እስኪወጡ በምልክት ሰሌዳ መንዳት ነው።

በከተማ ፎቆች መሐል የሚገጥመውም ሞልቶ መሳሳት ነው፤ መነሻው ግን ሌላ ነው። ሞገዱ ከመስታወት ግድግዳ ተንጸባርቆ ሲደርስ የተጓዘበት ርቀት ይረዝምና መኪናዎን ሌላ መንገድ ላይ ያስቀምጣታል። ከጂፒኤስ በተጨማሪ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ ወይም የቻይናውን ቤይዱ የሚሰሙ መሣሪያዎች ምርጫ ስላላቸው እዚህ ላይ ይሻላሉ፤ ሴቲንጉ ጠፍቶ ከሆነ ያብሩት። ደብረ ሲና ከመድረስዎ በፊት በሚያገኙት የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ግን የየትኛውም አገር ሳተላይት አይረዳም። ከዋሻው ሲወጡ ግን፣ ጠዋት የተዘጋጀ ጂፒኤስ ወዲያው ይነሣል።

ኢትዮጵያ የምድር መግነጢሳዊ መቀነት አጠገብ በመሆኗ አንድ ተጨማሪ ነገር ያጋጥመናል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ፣ ይበልጡን በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታትም በርትቶ፣ በላይኛው አየር ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ደመና ይበጣጠሳል፤ በእሱ በኩል የሚያልፈው ሞገድም ይርገበገባል። ለቅየሳ ባለሙያ ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ለሾፌር ግን አንድ ሁለት ሳተላይት ለጥቂት ጊዜ ቢጠፋበት ነው። ስለዚህ ቻርጀሩንና አቀማመጡን ሳይፈትሹ ፀሐይን መክሰስ ተገቢ አይመስለኝም።

የቀሩት ከሞገድ ጋር ያልተያያዙ፣ ግን በሞገድ ስም የሚከሰሱ ናቸው። ለልምምድ የሚያገለግለው ጂፒኤስን አጥፍቶ የሚሠራበት ሞድ በርቶ ተረስቶ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪ ቆጣቢው ሞድም አለ። መሣሪያው ቀኑን በ20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ካሳየ፣ የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ 1,024 ሞልቶ ሚያዝያ 2019 (እ.ኤ.አ.) ከዜሮ ሲጀምር ሶፍትዌሩ ሳይታደስ ቀርቷል፤ ከአምራቹ አዲሱን መጫን ነው። ሳተላይቱ ሞልቶ፣ ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሁልጊዜም ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ የካርታ ዴተም የሚለውን፣ ማለትም መጋጠሚያ ቁጥሮቹ የሚለኩበትን መሠረት፣ ይመልከቱ። የቆዩት የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዴተም ነው፤ ጂፒኤሱ ከፋብሪካ የሚወጣው በደብሊውጂኤስ 84። በእጅዎ ካለው ካርታ ጋር ያስማሙት፤ መጋጠሚያ ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሲልኩም በየትኛው እንደሆነ አብረው ይጻፉለት።