ጥርስን ማቃናት ለጎለመሰ ሰው ዘግይቷልን?

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ በብዙ ነገር እውነት ነው፤ ስለ ጥርስ ግን እውነትነቱ በከፊል ብቻ መሆኑን ለአንባብያን ለማስረዳት እንወዳለን።

በከተማችን በሐዋሳ ጥርሱ የተነባበረበት ጎልማሳ ሲስቅ አፉን በእጁ ወይም በነጠላው ጫፍ ሲሸፍን እናያለን። በተማሪዎች ፊት ቆሞ ለሚያስተምር መምህር ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ራሱ ነው። ነገሩም የመልክ ብቻ አይደለም። በተነባበሩ ጥርሶች መካከል የምግብ ትራፊ ስለሚቀር ጥርሱ በቶሎ ይቦረቦራል፣ ድዱም ይቆስላል።

የጥርስ መዛነፍ ብዙውን ጊዜ ከወላጆች በዘር ይወረሳል። የወተት ጥርስ ያለ ጊዜው ሲነቀልም ይመጣል። ከዚህ ሌላ በአገራችን የታወቀ አንድ ምክንያት አለ። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይቀደዳል። በዚያ ጊዜ ተፈልቅቆ የሚወጣው ነጭ ነገር ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው፤ ለተቅማጡም ምክንያት አይደለም። ከሥሩ ያለው የቋሚ ጥርስ ቡቃያም አብሮ ስለሚጎዳ፣ ልጁ ባደገ ጊዜ ክራንቻው ይጎድላል ወይም ያለ ቦታው ይወጣል።

እንግዲህ ይህ ሰው በሠላሳ ወይም በአርባ ዓመቱ ሊታከም ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። ጥርስ በእንጨት ላይ እንደ ተመታ ምስማር አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ስስ ጅማት አለ። ቀላል ግፊት ሳይቋረጥ ሲያርፍበት፣ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፤ በሚለቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይተካል። በተለምዶ ብሬስ የሚባለው ሽቦ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ጥርሱ በወር አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ ሕክምናው አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ምሳሌው እውነት የሚሆነው በመንጋጋ አጥንት ላይ ነው። የልጅ መንጋጋ በእድገቱ ሳለ ሊመራ ይቻላል፤ እድገቱን የፈጸመ መንጋጋ ግን እጅግ ቢዛነፍ ያለ ቀዶ ሕክምና አይስተካከልም።

ስለዚህ ጎልማሳን የሚከለክለው ዕድሜው ሳይሆን የታመመ ድድ ነው። ድዱ እየደማ፣ አጥንቱ እየተበላ ሳለ ጥርስን መግፋት ጥርሱን እስከ ማጣት ያደርሳል። አስቀድሞ በጥርሱ ሥር እንደ ድንጋይ የደረቀው ቆሻሻ ይጸዳ፣ የተቦረቦረው ይደፈን፣ ራጅም ይነሣ። ፍንጭት በአገራችን እንደ ውበት ይቆጠራል፤ በልጅነት የነበረ ፍንጭት በሽታ አይደለምና ይዘጋ አንልም። ነገር ግን ቀድሞ ያልነበረ ክፍተት በጎልማሳነት ቢታይ የድድ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መመርመር ይገባል።

ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለምትገኝ በዚህ አካባቢ አንዳንዱ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ብዙ ፍሎራይድ ያለበትን ውኃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ቋሚ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሽቦ ይህን ቀለም አያነጣም። እንዲያውም ሽቦውን የሚይዘው ማጣበቂያ በእንደዚህ ያለ ጥርስ ላይ በቀላሉ ሊላቀቅ ስለሚችል፣ ታካሚው የት እንዳደገ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።

ጥርስን በሞረድ ማስሞረድ፣ የተዛነፈውን ሁሉ ማስነቀል፣ ወይም ክፍተትን በላስቲክ በቤት ማሰር ታላቅ ስሕተት ነው። ላስቲኩ ወደ ድድ ውስጥ ሾልኮ ሳይታይ አጥንቱን ያፈርሳል።

ሕክምናው በየአራት እስከ ስምንት ሳምንት መመላለስን ይጠይቃል። በዚህ ልዩ ሙያ የሠለጠነ ሐኪም በቅርብ ባይገኝ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ገንዘቡንና ጊዜውን ሳያሰላ ማንም አይጀምር፤ ጀምሮ ሽቦውን በአፉ እንደ ያዘ ከሐኪም መራቅ ካለመጀመር የከፋ ነው። ሽቦው ከወጣ በኋላም ጥርሱ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ስለሚወድ፣ መያዣውን ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ለብዙ ዓመታት ማድረግ ግዴታ ነው።

መምህራን ሆይ፣ በሳቁ ጊዜ አፉን የሚሸፍነውን ባልንጀራችሁን «ጊዜው አልፎብሃል» አትበሉት። ይልቁንም «አስቀድመህ ድድህን አስመርምር» በሉት። የተማሪዎቻችሁን ወላጆች ግን ግግ ከማስወጣት እንዲታቀቡና ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲያመጡ ዛሬውኑ ምከሩ።