የአገር ስፋት በመርካቶ ሚዛን

ኢትዮጵያ ከ1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ትሰፋለች። ስፋቷን ካርታ ያሳያል፤ እንዴት ተያይዛ እንደምትኖር ለማየት ግን መርካቶ መውረድ ይሻላል። በርበሬ ተራ የጎጃምና የማረቆ ጆንያ ጎን ለጎን ተቆልሏል። ገዢዋ አንድ ዛላ ሰብራ ፍሬውን ታራግፋለች፣ ቀለሙን ወደ ብርሃን አዙራ ታያለች፣ ከዚያ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና ዋጋ ትጠይቃለች። ነጋዴው ከዋጋው በፊት የሚነግራት የመንገዱን ወሬ ነው።

ይህ ገበያ እዚህ የተተከለው ሰውን ለመለያየት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ፋሺስት ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ ነጭና ጥቁር ተለይተው የሚኖሩበትን ፕላን አወጣ። አራዳ ለአውሮፓውያን ተባለ፤ ኢትዮጵያዊው ከነገበያው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ ተገፋ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፣ ገበያው ግን ባለበት ጸና። ሊስትሮ ሆነው፣ ሱቅ በደረቴ አዙረው የጀመሩ የጉራጌ ልጆች ቀድሞ በዓረብ፣ በሕንድና በአርመን ነጋዴዎች እጅ የነበረውን ንግድ ቀስ በቀስ ተረከቡ። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ የሚጎራበቱበት ሰፈር የመላው አገር መገናኛ ሆነ። ጎጃም በረንዳ፣ ሲዳሞ ተራ፣ ሶማሌ ተራ እያለ ሕዝቡ ራሱ አገሩን እዚያ አሰፈረ።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ የመንገዱ ነገር ነው። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ከመርካቶ ነጋዴ ኪስ ጭምር ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው መንገድ አስጠረጉ። መንግሥት እስኪደርስላቸው አልጠበቁም።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገባ። ብዙ የመርካቶ ነጋዴ የሚነግድበት ሱቅ ተከራይ እንጂ ባለቤት አልሆነም። የራሱ ያልሆነውን ግድግዳ ማን በድንጋይ ያድሳል? ቆርቆሮው በቆርቆሮ ላይ ተደረበ፣ መተላለፊያው ጠበበ። በኋላ ሊዝና አክሲዮን መጥተው ፎቆች ቢነሡም የቆየው ጥበት አልለቀቀም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪና ለመግባት የተቸገረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የጠበበው የሱቁ መተላለፊያ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ወደ መርካቶ የሚመጣበት መንገድም ነው። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች፤ ዛሬ ከገቢና ወጪ ዕቃዋ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ያልፋል። ያ የውጭ በር ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የውስጡ ነው። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት የሰሜኑ መስመር በጦርነት ተቆረጠ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ አማራ ክልል ውጊያ ላይ ነው። በኦሮሚያ በኩል በሚያልፈው የጎጃም መንገድ ተሳፋሪ እየታገተ ማስለቀቂያ ይጠየቅበታል። አውቶቡስ ተራ ድሮ ስለ ወንበር ይጨቃጨቅ የነበረው ሰው አሁን «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ነው ትኬት የሚቆርጠው።

የመንግሥት ትኩረት ደረሰኝና ፎቅ ላይ ነው። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅ ብዙ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር እናስታውሳለን። ግብር መከፈል አለበት፤ መርካቶም መታደስ አለበት። ነገር ግን ነጋዴው ነገ በሱቁ ስለ መኖሩ ዋስትና ይፈልጋል፣ ሾፌሩም ጭነቱን ይዞ በሰላም መግባት። የአገሪቱን ዕጣ በእጃችሁ የያዛችሁ ሁሉ፣ በጠመንጃም በወንበርም ያላችሁ፣ ከሁሉ በፊት መንገዱን ክፈቱ።