አሲድ ብረት ሲነካ ለምን አረፋ ያወጣል?

እህቴ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ አሉሚኒየም ድስት ወይም የቆርቆሮ ባልዲ ላይ ሲፈስ አረፋ ሲያወጣ አይተሽ ይሆናል። ብዙዎቻችን «ቆሻሻው እየለቀቀ ነው» እንላለን። ግን ንጹሕ ድስት ላይም ያው ነው፤ እየተበላ ያለው ዕቃው ራሱ ነው።

ምን እየሆነ ነው?
በብዙ የሽንት ቤት ማጽጃዎች ውስጥ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለ። አሉሚኒየምም ሆነ ባልዲው የተለበጠበት ዚንክ አሲዱ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጂን አስወጥተው ቦታውን ይይዛሉ። የተባረረው ሃይድሮጂን ነው አረፋ ሆኖ የምታዪው። መዳብ ግን ሃይድሮጂንን ማስወጣት አይችልም። አይዝግም የሚባለው የኩሽና ሲንክ እንኳ በዚህ አሲድ ይጠቁራል፣ ይቦረቦራል።

ለምን ያሰጋሻል?
• ሃይድሮጂን አይሸትም፤ እሳት ግን ቶሎ ይይዛል። ምድጃ ወይም የቡኹር ከሰል አጠገብ አደጋ ነው።
• አረፋው ሲፈነዳ የአሲድ ጠብታ ወደ ዓይንሽ ሊረጭ ይችላል።
• አሲድ ብረት ዕቃ ውስጥ አድርገሽ ብትከድኚው ጋዙ ተጠራቅሞ ክዳኑን ሊያፈነዳው ይችላል።
• ሲንኩ ወይም ቧንቧው ሲበላሽ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው፣ ከደሞዝሽ ይቆረጣል» ሊመጣ ይችላል።

ምን ላድርግ?
ጽሑፉን ማንበብ ባትችዪም ጠርሙሱ ላይ ሥዕሉን ፈልጊ፦ ፈሳሽ እጅና ብረት ላይ እየተንጠባጠበ ሲበላቸው ያሳያል። ብረት የሚበላው ነገር ቆዳሽንም ይበላል። ስለዚህ፦
• ጓንት አጥልቂ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ለሽንት ቤቱ ሸክላ ብቻ ተጠቀሚበት።
• ከክሎሮክስ (በረኪና) ጋር በፍጹም አትቀላቅዪው፤ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።
• ማዳም «ሲንኩን በዚህ እጠቢ» ካለችሽ ሥዕሉን አሳያትና በዕቃ ሳሙና እንድታጥቢ ጠይቂያት። ጓንት በዓረብኛ «ጉፋዛት» ነው፤ ከሌለ ጠይቂ።

አሲድ ከነካሽ
የነካውን ልብስ አውልቂና ወዲያው በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ታጠቢ። ዓይንሽ ከሆነ ገልጠሽ እጠቢው። ሎሚ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቢ። አምቡላንስ፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታር 999፣ ሊባኖስ 140።

ለምሳሌ በኳታር የ2017 የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15 መሠረት በሥራ ምክንያት ስትጎጂ የሚያሳክምሽ አሠሪሽ ነው፤ አንቺ ወጪ አትከፍዪም። የቁስሉንና የጠርሙሱን ፎቶ አንሺ፣ ቀኑን ጻፊ፣ ለምታምኛት ሰው ላኪ።